ዳቦ ጋጋሪው፣ መምህርቷና የአክራ ቋንቋ

አክራ የጋዎች አገር ናት። ጋ ማሼ፣ ኦሱ፣ ላ፣ ቴሺ፣ ኑንጓና ቴማ የሚባሉት የባሕር ዳር ከተሞቻቸው ግን ዛሬ በጋና ዋና ከተማ ግርግር ተውጠዋል። በገበያውና በታክሲው ትዊ ከጋ ይልቅ ይሰማል፤ በቁጥርም የትዊ ተናጋሪዎቹ አካኖች በልጠዋቸዋል። ይህ በገዛ አገሩ አናሳ የሆነ ቋንቋ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ያገኘው በ1866 ነው። ሰፊው ጎረቤቱ ትዊ በ1871 ተከተለው፤ ሚሊዮኖች የሚናገሩት ዮሩባ ደግሞ እስከ 1884 ጠበቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ትንሹ እንዴት ትልልቆቹን ቀደመ ለሚል ሰው፣ መልሱ የሚጀምረው ከአንድ ምሽግ ነው።

ምሽጉን ዴንማርኮች በ1661 ኦሱ ዳርቻ ላይ ሠሩትና በንጉሥ ክሪስቲያን ስም ክሪስቲያንስቦርግ አሉት። በመጀመሪያ ወርቅ፣ ኋላም ሰው ይሸጥበት ነበር። በግድግዳው ጥላ ሥር ከዴንማርክ ወታደሮችና ከጋ እናቶች የተወለዱ ልጆች ያድጉ ነበር፤ ከቤት ጋ፣ ከምሽጉ ዴንማርክኛ እየሰሙ። ከእነዚህ አንዱ በ1715 የተወለደው ክሪስቲያን ያኮብ ፕሮተን ነው። በልጅነቱ ወደ ኮፐንሃገን ተወሰደ፤ እዚያው ነገረ መለኮት ተማረ፤ ከሞራቪያ ወንድሞች ማኅበር ጋር ገጠመ። በ1737 ሚሲዮናዊ ሆኖ ወደ ተወለደበት ዳርቻ ቢመለስ አብሮት የመጣው ጓደኛው ወዲያው ሞተበት፤ እሱንም ደቾች ኤልሚና በሚባለው ምሽጋቸው አሰሩት። ሥራው ሳይጀመር ቆመ።

ፕሮተን በ1746 ጀርመን አገር ሳለ ርብቃ የምትባል ሴት አገባ። ርብቃ አንቲጓ ላይ ተወልዳ በልጅነቷ ተሰርቃ በካሪቢያን ደሴት ቅዱስ ቶማስ ላይ ባሪያ ሆና የተሸጠች፣ ነጻ ከወጣች በኋላ በየባሪያ ጎጆው እየዞረች ወንጌል ያስተማረች ሴት ነበረች። በ1764 ፕሮተን ኮፐንሃገን ላይ የፋንቴና የአክራ (ማለትም የጋ) ቋንቋ ሰዋስው አሳተመ። የመጽሐፉ ርዕስ ሁለቱን «እስካሁን ጨርሶ ያልታወቁ ቋንቋዎች» ይላቸዋል፤ ለማን ያልታወቁ እንደሆነ ግን አይናገርም፤ ጸሐፊው ራሱ አንዱን ከእናቱ አፍ የሰማው ነው። በዓመቱ ባልና ሚስት ወደ ክሪስቲያንስቦርግ ሄዱ። እሱ በ1769፣ እሷ በ1780 እዚያው ሞቱ። ከካሪቢያን መጥታ በኦሱ ያስተማረች ሴት ታሪክ በዚህ አያበቃም፤ ከ60 ዓመት በኋላ ሌላዋ ትመጣለች።

ከፕሮተን በኋላ ለረጅም ጊዜ የረባ ነገር አልተሠራም። በ1828 የዴንማርኩ የቋንቋ ሊቅ ራስሙስ ራስክ፣ እግሩ ምዕራብ አፍሪካን ሳይረግጥ፣ በፕሮተን መጽሐፍና በሌሎች ጽሑፎች ተመርኩዞ የአክራ ቋንቋ መመሪያ አወጣ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ከስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ የተላኩ አራት ወጣት ሚሲዮናውያን ክሪስቲያንስቦርግ ወረዱ። ሦስቱ ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ፤ አራተኛው እስከ 1831 ብቻ ቆየ። በ1832 ሌሎች ሦስት መጡ፤ ከእነሱም ሁለቱ ቶሎ ተቀበሩ፤ የተረፈው አንድሬያስ ሪስ የሚባል ሰው ብቻ ነበር። በባዝል ያሉት አለቆች ነገሩን ደግመው ማሰብ ነበረባቸው። ያገኙት መላ ከጃማይካ ነጻ የወጡ ጥቁር ክርስቲያን ቤተሰቦችን ማምጣት ነበር፤ የአገሩን አየርም ይችሉታል፣ መጽሐፉም የነጭ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ለአገሬው ያሳያሉ ተብሎ። በሚያዝያ 1843 ጆሴፍ አንደርሰን በምትባል መርከብ ኦሱ ደረሱ።

ያ ዓመት ለጋ ቋንቋ ሁለት ጊዜ ዕድለኛ ነበር። በለንደን የእንግሊዝና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የማቴዎስንና የዮሐንስን ወንጌል በጋ አሳተመ፤ የተረጎመው የአክራው ተወላጅ ቄስ ኦገስተስ ዊልያም ሃንሰን ነው። የአማርኛ አንባቢ ይህን ማኅበር ያውቀዋል፤ አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ ሊቅ ካይሮ ተቀምጦ ወደ አማርኛ የመለሰውን መጽሐፍ ቅዱስ ከሦስት ዓመት በፊት በሙሉ ያሳተመው እሱ ነው። በምሥራቅም በምዕራብም ገንዘቡና ማተሚያው የለንደን፣ ብዕሩ የአገሬው ሆኖ መጀመሩን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው ዕድል ከመርከቧ የወረደችው ወጣት መምህርት ናት። ካተሪን መልግሬቭ የተወለደችው በ1827 ገደማ አንጎላ፣ ሉዋንዳ ላይ ነው። ገና ሕፃን ሳለች መርከበኞች ሰረቋት። በ1833 የባሪያ መርከቡ ጃማይካ ዳርቻ ላይ ተሰበረና ነጻ ወጣች፤ የደሴቲቱ ገዥ የመልግሬቭ ባላባት ቤቱ አስገብቶ አሳደጋት፤ ስሙም ለእሷ ቀረ። በሞራቪያውያን ትምህርት ቤት ተምራ መምህርት ሆነች። ጆርጅ ቶምሰን የሚባል ላይቤሪያዊ ሚሲዮናዊ አግብታ ከጃማይካውያኑ ጋር ወደ አፍሪካ ተመለሰች፤ ወደ ተሰረቀችበት አገር ባይሆንም ወደዚያው አህጉር። ኦሱ ላይ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋመች። ትዳሯ በ1849 ፈረሰ፤ ልጆቿን ይዛ ትምህርት ቤቷን ማስተዳደሯን ቀጠለች።

በ1850 ዮሐንስ ጺመርማን መጣ። በ1825 በጀርመን ቩርተምበርግ፣ ጌርሊንገን በምትባል መንደር የተወለደ፣ በሙያው ዳቦ ጋጋሪ የነበረ ሰው ነው። የባዝል ሚሲዮን ሴሚናሪ የመኳንንት ልጆች መማሪያ አልነበረም፤ የሚገቡበት አብዛኛውን ጊዜ የገበሬና የእጅ ባለሙያ ልጆች ነበሩ፤ ግን ግሪክኛና ዕብራይስጥ በደንብ ይሰጥበት ነበር። በኢትዮጵያ ታሪክ ስማቸው የሚነሳው ሳሙኤል ጎባ፣ ካርል ኢዘንበርግና በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ የነበረው ዮሐን ክራፕፍ ያለፉት በዚሁ በር ነው። የክራፕፍ የምሥራቅ አፍሪካ ባልደረባ፣ የኪሊማንጃሮን በረዶ ያየው ሬብማን፣ ደግሞ የጺመርማን የመንደሩ ልጅ ነው። ከአንዲት የወይን መንደር ሁለት ሰው ወደ ሁለት የአፍሪካ ዳርቻዎች ወጣ ማለት ነው።

ጺመርማን እንደ ቀደሙት ሁሉ ወዲያው ታመመ፤ ተቅማጥ ሊገድለው ነበር። ያዳነው የአገሩ መድኃኒተኛ ነው። ከሞት አፋፍ በጋ ሰው ቅጠልና ሥር የተመለሰ ሰው ከዚያ በኋላ ስለ አገሬው ዕውቀት የሚያስበው እንደ ቀድሞው ሊሆን አይችልም፤ የኋላ ሥራው ሁሉ ይህን ያሳያል። በሰኔ 1851 ካተሪንን አገባት። ለባዝል አስቀድሞ አላስፈቀደም። ኮሚቴው ተቆጣ፤ ነጭ ሚሲዮናዊ፣ ያውም የፈታች ጥቁር ሴት! ግን አላባረረውም። የጋ ቋንቋ የገባውን ሰው ማባረር ከባድ ነው፤ ከእሱ በፊት የላኳቸውን ሰዎች መቃብር የሚቆጥር ኮሚቴ ደግሞ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቃል። እኔ እንደማየው ከሆነ ትርጉሙን ያተረፈው ይህ ጋብቻ ነው። ጺመርማን ሲመጣ ካተሪን በኦሱ ሰባት ዓመት ኖራ፣ ሴት ልጆችን ስታስተምር ቆይታ ነበር። የሰውየው ማዕድ፣ ጎረቤትና ልጆች ሁሉ ኦሱ ሆኑ። ሌሎቹ ሚሲዮናውያን ጋን ከመምህር ሲማሩ እሱ ኖረበት።

ሥራው በፊደል ተጀመረ። ጋ በአውሮፓ ቋንቋዎች የሌሉ ድምፆች አሉት። የምላስ ሥርና ከንፈር በአንድ ጊዜ ተዘግተው በአንድ ጊዜ የሚፈነዱባቸው አሉ፤ «ክ»ና «ፕ» ወይም «ግ»ና «ብ» ተደራርበው እንደ አንድ ፊደል የሚነገሩ። በአፍንጫ የሚወጡ አናባቢዎችም አሉ፤ «ጋ» የሚለው ስም ራሱ አናባቢው በአፍንጫ ነው የሚወጣው። ሃንሰንና ከእሱ በፊት የነበሩት እንደመሰላቸው ጽፈው ነበር። ጺመርማን ግን የበርሊኑ ሊቅ ካርል ሪቻርድ ሌፕሲየስ በ1850ዎቹ አጋማሽ ላልተጻፉ ቋንቋዎች ያዘጋጀውን ፊደል ተቀበለ፤ ላቲኑን ይዞ፣ ለጎደለው ድምፅ በላይና በታች ምልክት እየጨመረ። በትዊ ላይ የሚሠራው ዮሐን ክሪስታለርም ያንኑ ያዘ፤ ስለዚህ ሁለቱ ጎረቤት ቋንቋዎች ከመነሻው በአንድ ዓይነት ፊደል ተጻፉ።

ፊደሉ ያልቻለው ዜማውን ነው። በጋ የቃል ፍቺ ድምፁ ከፍ ወይም ዝቅ በማለቱ ይለወጣል። በዛሬው አጻጻፍ ውሻና ድምፅ በአንድ ዓይነት ፊደላት ነው የሚጻፉት። የመጥምቁ ዮሐንስን «በምድረ በዳ የሚጮኽ ድምፅ» የሚያነብ ሰው የትኛው እንደሆነ ከዐውዱ መለየት አለበት። አማርኛ አንባቢ በዚህ አይገረምም፤ እኛም «ገና» የሚለውን ቃል ስናነብ መጥበቅ መላላቱን ፊደሉ አይነግረንም፤ የቋንቋው ልጅ መሆን ይጠይቃል። የጋ መጽሐፍ ከመጀመሪያው የታሰበው እንዲህ ላለ አንባቢ ነው፣ ቋንቋውን አስቀድሞ በጆሮው ለያዘ።

ጺመርማን ብቻውን አልነበረም። ባልደረባው አውጉስት ሽታይንሃውዘር በትርጉሙ አብሮት ይሠራ ነበር፤ በ1857 ሞት ቀደመው። ተማሪዎቹም ነበሩ፣ ለምሳሌ በ1834 ከዴንማርክና ከጋ ዘር የተወለደው ካርል ክሪስቲያን ራይንዶርፍ፤ እሱን ቆይተን እናገኘዋለን።

በ1850 ዴንማርክ ምሽጎቿን በ10,000 ፓውንድ ለእንግሊዝ ሸጣ ሄደች። እንግሊዞች በ1852 የነፍስ ወከፍ ግብር ጣሉ፣ በሰው አንድ ሽልንግ። ሕዝቡ ግብሩ የት እንደሚገባ አላየም፤ መንገድም ትምህርት ቤትም አልተሠራለትም። በ1854 ኦሱና ጎረቤቶቿ አመጹ፤ በመስከረም የእንግሊዝ የጦር መርከብ ስከርጅ ከባሕር ላይ መድፍ ከፈተች። ኦሱ ፈረሰች፣ የሚሲዮኑም ቤት ተመታ። ሕዝቡ ወደ ውስጥ ሸሸ፤ ሚሲዮናውያኑም ተከተሉት። ከአክራ በስተ ሰሜን፣ ከተራራው ግርጌ አቦኮቢ በምትባል ቦታ አዲስ መንደር ቆረቆሩ። የካተሪን ትምህርት ቤትም አብሮ ተሰደደ።

ሚሲዮናውያን በቅኝ ገዢ መድፍ ተገፍተው ከሕዝቡ ጋር ሲሰደዱ ማየት የተለመደ ታሪክ አይደለም። ለትርጉሙ ግን በጀው። በምሽጉ አጠገብ ያለው የጋ ቋንቋ በዴንማርክኛ፣ በፖርቱጋልኛና በእንግሊዝኛ የንግድ ቃላት የተሞላ ነበር። አቦኮቢ ላይ በዙሪያው ያሉት ገበሬዎች ነበሩ። ወደ ሚሲዮኑ ከመጡት አንዱ በ1857 የተጠመቀው ፓውሎ ሞሄኑ ነው፤ የአገሩ አምልኮ ካህን የነበረ፣ በዕድሜ የበሰለ ሰው። የጸሎት፣ የመሥዋዕት፣ የመርከስና የመንጻት ቋንቋ ከእንዲህ ያለ ሰው በተሻለ ማን ያውቃል? ኦሪት ዘሌዋውያንን በጋ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለ ጎረቤት ካላገኘ መከራውን ያያል።

በ1858 ሽቱትጋርት ላይ የጺመርማን የጋ ሰዋስው በሁለት ቅጽ ታተመ። ርዕሱ ረጅም ነው፤ ከ«አገሬው አፍ» የተወሰዱ የንግግር ናሙናዎችና መዝገበ ቃላት እንዳሉበት ይናገራል። በመጨረሻም አንድ አባሪ አለ፤ «ስለ አዳንግሜ ዘዬ»። ይህን አባሪ አንባቢ ልብ ይበል፤ ከሰዋስው ገጽ ወጥቶ የሰው ሕይወት ውስጥ ይገባል።

በ1859 አዲስ ኪዳን ወጣ። በዚያው ዓመት ጺመርማን ከቤተሰቡ ጋር ወደ ክሮቦ አገር፣ ኦዱማሴ ተዛወረ፤ የክሮቦው ንጉሥ ኦዶንኮር አዙ ሚሲዮኑን ተቀብሎ ነበር። የክሮቦ ሰዎች ግን ጋ አይናገሩም፤ ቋንቋቸው ዳንግሜ ነው፣ ያው በአባሪው «ዘዬ» የተባለው። ለጋ ቅርብ ነው፤ ግን ሌላ ቋንቋ ነው። ጺመርማን በዳንግሜዎች መካከል ተቀምጦ ብሉይ ኪዳንን ወደ ጋ መመለሱን ቀጠለ፤ በ1866 ሙሉው መጽሐፍ ታተመ። የባዝል ሚሲዮን በጎልድ ኮስት፣ ማለትም በያኔዋ ጋና፣ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ቋንቋዎች ብቻ እንዲኖሩ ወስኖ ነበር፤ በባሕር ዳር ጋ፣ በተራራው ትዊ። በተራራው የጓን ቋንቋዎችን የሚናገሩ መንደሮች በትዊ ጸለዩ፤ ዳንግሜዎችም በጋ። ለገንዘብና ለሰው ኃይል እጥረት ምክንያታዊ ነው፤ ዳንግሜ ልጅ ግን ትምህርት ቤት ሲገባ መጀመሪያ የጎረቤቱን ቋንቋ መማር ነበረበት። አናሳው ጋ ለሌላ አናሳ ትልቅ ቋንቋ ሆነበት።

ስለ ጺመርማን ጥሩ ጥሩውን ብቻ መጻፍ ይቻላል፤ ብዙዎችም እንዲያ ያደርጋሉ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ባዝል በሚሲዮኑ ክርስቲያኖች ቤት ያሉ ባሮች ሁሉ ነጻ እንዲወጡ ሲያዝ፣ ትእዛዙን ከተቃወሙት ዋነኛው እሱ ነበር። የአገሩ የቤት ባርነት እንደ አሜሪካው እርሻ አይደለም፣ ቀስ በቀስ ነው መጥፋት ያለበት ይል ነበር። የአገሩን ሥርዓት ከአውሮፓ ሰው ይበልጥ መረዳቱ እውነት ነው። ግን ሚስቱ በልጅነቷ ከሉዋንዳ የተሰረቀችው ካተሪን ነበረች፤ ይህን እያወቁ ክርክሩን ማንበብ ይከብዳል።

በ1876 ጺመርማን ታሞ ወደ ጌርሊንገን ተመለሰ፤ በታኅሣሥ ወር ሞተ። ሬብማንም ከሁለት ወር በፊት እዚያው ሰፈር፣ ክራፕፍ በጡረታ በሚኖርባት ኮርንታል ሞቶ ነበር። ካተሪን ግን ቤቷ ጀርመን አልነበረም፤ ወደ ጎልድ ኮስት ተመልሳ በ1891 ክሪስቲያንስቦርግ ላይ አረፈች። ከኦሱ ትምህርት ቤቷ የወጡት ሴት ልጆች አድገው የመጀመሪያዎቹ የጋ መጽሐፍ አንባቢ እናቶች ሆነዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው የጋ ጽሑፍ ታሪክ ከሚሲዮናዊው እጅ ወጥቶ በተማሪው እጅ ገባ። ራይንዶርፍ በ1872 ቄስ ሆነ። በጦርነት ጊዜ ቁስለኞችን ያክማል፣ በሰላም ጊዜ ሽማግሌዎችን ይጠይቃል። ከ200 ከሚበልጡ ወንዶችና ሴቶች አፍ ታሪክ ሰብስቦ የጎልድ ኮስትንና የአሻንቲን ታሪክ በጋ ጻፈ፤ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ በ1895 ታተመ። አፍሪካዊ ስለ ገዛ አገሩ ከጻፋቸው ቀደምት የታሪክ መጻሕፍት አንዱ ነው። በሽምግልናውም የጋ መጽሐፍ ቅዱስን በማረም ሥራ ገባ። አስተማሪው የሰበሰበውን «ከአገሬው አፍ» የወጣ ናሙና እሱ ወደ ታሪክ መጽሐፍ አሳደገው፤ ለእኔ ከትርጉሙ ፍሬዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። በ1917 ሞተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ እንግሊዞች በዓለም ጦርነቱ ምክንያት የባዝል ሚሲዮናውያንን ከአገር አስወጡ፤ ቤተ ክርስቲያኗ ግን አልተዘጋችም። ስኮትላንዳውያን አግዘዋት የዛሬዋ የጋና ፕሬስቢተርያን ቤተ ክርስቲያን ሆነች።

የእንግሊዝ አስተዳደር በ1877 መቀመጫውን ወደ አክራ አዛውሮ ስለነበር ከተማዋ ከየአቅጣጫው ሰው ጎረፈባት። ጋ በምሽግ አጠገብ በመሆኑ ቀድሞ ተጻፈ፤ በዋና ከተማ ላይ በመሆኑ ደግሞ ተጨናነቀ። በ1866 የታተመው ቋንቋ ለዛሬ ወጣት ስለከበደው የጋና መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ2006 አዲስ እትም አውጥቷል።

በአባሪው «ዘዬ» የተባለው ዳንግሜስ? የክሮቦ፣ የአዳና የሻይ ሰዎች ከትውልድ ወደ ትውልድ በጋ ዘምረው፣ በጋ ተጠምቀው፣ በጋ ተቀብረዋል። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በራሳቸው ቋንቋ ያገኙት በ20ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ፣ ከጋው 130 ዓመት ያህል ዘግይተው ነው። ጺመርማን ለዓመታት በመካከላቸው የኖረው የኦዱማሴ ሰዎች ናቸው መጨረሻ የደረሳቸው።